ሰው ይሻገር፣ ገንዘቡ ባለበት ይቆይ

(ለዩኒቨርሲቲ መምህራንና ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ባለሙያዎች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ የሚናገር ሰው ዕዳው ብዙ ነው፤ እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ እሞክራለሁ።

ከፊርማው ልጀምር። ሁላችንም የምናውቀው ፊርማ ነው። የጎረቤት አገር ዩኒቨርሲቲ ልዑክ ይመጣል። ባነር ይሰቀላል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትንንሽ ባንዲራዎች ይቆማሉ። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎልደር ይለዋወጣሉ፣ ፎቶው ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል። ሰነዱን ገልጣችሁ ካነበባችሁት «ተማሪዎችንና መምህራንን መለዋወጥ» የሚል አንቀጽ አታጡበትም። ዝቅ ብሎ ደግሞ «በጀት እስከተገኘ ድረስ» የምትል ሐረግ አለች። ሰነዱን የምትገድለው እሷ ናት።

እኔ ዓለም አቀፍ ግንኙነት በሚባለው ቢሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ አሳልፌአለሁ። እንዲህ ያሉ ሰነዶች የታጨቁበት ካቢኔት አይቻለሁ። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ ይቅር፤ የናንተም ቢሮ ከዚያ የተለየ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ከካምፓላ እንግዳ መምህር ልናስመጣ ተነሳን። ሰውየው ሁለት ሳምንት ሊያስተምር ፈቃደኛ ነው። ተማሪዎቹ ጓጉተዋል። የቀረው አበሉን በዶላር መክፈል ብቻ ነበር። ደብዳቤው ከትምህርት ክፍል ወደ ዲን፣ ከዲን ወደ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ከዚያ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ባንክ። ባንክ ወረፋ አለ። ወረፋው ሲደርስ ደግሞ አንድ ማኅተም ጎደለ ተባለ። ፈቃዱ የመጣው ልጆቹ ፈተና ከተፈተኑ በኋላ ነው።

ማንም ክፉ ሰው አልነበረበትም። ፋይናንሷም ደንቡን ነው የምትጠብቀው። አገሪቱ ነዳጅና መድኃኒት የምትገዛበትን ዶላር ለእንግዳ መምህር ቅድሚያ ስጡ ብሎ ለመከራከር እኔም ድፍረቱ የለኝም። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዓመቱን ሙሉ በብር የያዝነው የልውውጥ በጀት በአንድ ክረምት ግማሹ በነነ ማለት ነው።

እንግዲህ የዛሬው ነገሬ አንድ ነው። ከጎረቤት ጋር ተማሪና መምህር ለመለዋወጥ ትልቁ እንቅፋት የገንዘቡ ማነስ አይደለም። ገንዘቡ ድንበር ይሻገር ማለታችን ነው። የማይሻገርበት መንገድ አለ፤ ሌሎች ሠርተውበታል። እኛም አንድ ሰሞን ሠርተንበታል፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ መካከለኛው አውሮፓ እንሂድ። ስለ አውሮፓ ልውውጥ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚጠራው ኢራስመስን ነው። ኢራስመስ በ1987 በ11 አገሮች፣ በ3,244 ተማሪዎች ጀመረ። ትልቅ ነው፣ ሀብታም ነው። በጀቱ ከብራሰልስ የጋራ ካዝና ይመጣል። ለኛ የጋራ ካዝና ስለሌለን ኢራስመስን እያየን መመኘት የትም አያደርሰንም። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ታናሹን ነው። ሲፐስ ይባላል፤ የመካከለኛው አውሮፓ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም።

ጊዜውን አስቡት። ታኅሣሥ 8 ቀን 1993፣ ቡዳፔስት። ሐሳቡን ያነሱት ኤርሃርድ ቡሴክ የሚባሉ የኦስትሪያ ሚኒስትር ናቸው። የሚፈርሙት ስድስት አገሮች ናቸው፤ ኦስትሪያ፣ ቡልጋሪያ፣ ሀንጋሪ፣ ፖላንድ፣ ስሎቫኪያና ስሎቬኒያ። ስሎቫኪያ አገር ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም። ስሎቬኒያ ከዩጎዝላቪያ የወጣችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ፖላንድ በዋጋ ንረት ከመድቀቋ የተነሳ ገንዘቧ ላይ የተንጋጋውን ዜሮ ለመቁረጥ እየተሰናዳች ነበር፤ በ1995 አሥር ሺሁን ዝሎቲ አንድ አደረገችው። ከኦስትሪያ በቀር አንዳቸውም የሚያኮራ ገንዘብ የላቸውም። የጋራ ካዝና እናቋቁም ቢባል ማን ምን ያዋጣል? በየትኛው ምንዛሬ?

ስለዚህ ካዝና አላቋቋሙም። መለኪያ ነው ያቋቋሙት። መለኪያው «የስኮላርሺፕ ወር» ነው፤ አንድ እንግዳ ለአንድ ወር ሲስተናገድ አንድ ወር ተብሎ ይቆጠራል። እያንዳንዱ አገር በየዓመቱ «እኔ ይህን ያህል ወር አስተናግዳለሁ» ብሎ ቃል ይገባል። ዝቅተኛው 100 ወር ነው። ከዚያ በላይ መስጠት የየአገሩ ፈንታ ነው። ከፋዩ ተቀባዩ አገር ነው፤ በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ባንኩ፣ እግሩ ግቢው ውስጥ ለገባ እንግዳ።

ይህን በደንብ እንየው፣ ቁም ነገሩ እዚህ ነውና። አንዲት የክራኮቭ ተማሪ ለአንድ ሴሚስተር ሉብሊያና ሄደች እንበል። ፖላንድ ለስሎቬኒያ ሰባራ ሳንቲም አትልክም። የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቃትም። ወርሃዊ ገንዘቧን የሚከፍላት የስሎቬኒያ መንግሥት ነው። አንዳንዱ አገር ዶርምና የምግብ ቤት ቅናሽም ይጨምርበታል። የመንገዱን ወጪ እንደየአገሩ ደንብ ወይ ላኪው ይሸፍናል፣ ወይ ልጅቷ ራሷ ትከፍላለች። በተራው የሉብሊያና ልጅ ክራኮቭ ሲሄድ ፖላንድ በዝሎቲ ታበላዋለች። አለቀ። ዓመቱ ሲያልቅ በአገሮቹ መሐል የሚወራረድ ሒሳብ የለም።

ገጠር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ወንፈል ነው። ለሠራተኛው ጠላና እንጀራ የሚያቀርበው ማሳው የሚታጨድለት ሰውዬ ነው፤ ነገ እሱም ሌላው ማሳ ላይ ይበላል።

መምህራንም አሉበት። ለመምህር የሚጠየቀው ትንሹ ቆይታ አምስት የሥራ ቀን ነው፣ በዚያ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ክፍለ ጊዜ ማስተማር አለበት። ይህችን ትንሽ ደንብ እወዳታለሁ። መጥቶ ሻይ ጠጥቶ፣ ላይብረሪ ጎብኝቶ፣ ፎቶ ተነስቶ የሚሄድ እንግዳ አይከፈለውም። ጠመኔ ይዞ ይቆማል። በሌላ በኩል ደግሞ ዓመት ሙሉ ይቅር አይሉትም። መምህር ያለበት ትምህርት ክፍል ባዶ እንዳይሆን አምስት ቀን ይበቃል። እኛ የልውውጥ ፕሮፖዛል ስንጽፍ ወይ የሦስት ቀን ጉብኝት ነው፣ ወይ የአራት ዓመት ፒኤችዲ። መሐሉን ረስተነዋል።

ሌላው ሥርዓቱ የተሠራው በኔትዎርክ መሆኑ ነው። የአንድ ሙያ ሰዎች፣ ለምሳሌ የተለያዩ አገሮች የደን ትምህርት ክፍሎች፣ ተሰባስበው አብረው ያመለክታሉ። ኮርሱን ቀድመው ይተያያሉ። ተማሪው ውጭ የወሰደውን ኮርስ አገሩ ሲመለስ እንደሚቆጥሩለት ቀድመው ይስማማሉ። ከኔትዎርኩ ውጭ የሆነ ተማሪም በቀረው ወር ብቻውን ማመልከት ይችላል። ማስተባበሪያው ቪየና ያለች ትንሽ ቢሮ ናት።

እንከን የለውም አልልም። የሚከፈለው ገንዘብ በየአገሩ ይለያያል። ድሃው አገር የሚከፍለው ያንሳል፣ ኑሮው ውድ የሆነበት ከተማ የደረሰው ተማሪ ከቤቱ ያስልካል። ሁሉም ቪየና መሄድ ይፈልጋል፣ ወደ ሌላው ከተማ የሚሄደው ያንሳል። ግን ቃል የተገባው ወር ስለማይበልጥ ማንም አይከስርም። ኦስትሪያ ብዙ ብትቀበል ፈልጋ ነው። ያኔ ስድስት የነበሩት አገሮች ዛሬ ከእጥፍ በላይ ሆነዋል። አልባኒያም ሞልዶቫም ገብተውበታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ሲታኮሱ የነበሩት ክሮኤሺያ፣ ሰርቢያና ቦስኒያ ዛሬ አንድ ማኅበር ውስጥ ሆነው ተማሪ መለዋወጣቸው ነው። ፖለቲከኞቻቸው ሲኳረፉ እንኳ የልውውጡ ወር ይቆጠራል።

አሁን ወደ ቤታችን።

በ1958 አክራ ላይ ነፃ የወጡ የአፍሪካ አገሮች ተሰበሰቡ። ያኔ ነፃ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዚያ ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካውያን ተማሪዎች 200 ስኮላርሺፕ እሰጣለሁ አለች። ልብ በሉ፣ ዶላር አልሰጠችም። አዲስ አበባ ዶርም፣ ምግብና የትምህርት ወንበር ነው የሰጠችው። በብር። ሲፐስ ከመወለዱ 35 ዓመት በፊት ማለት ነው።

ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያ ልጆች መጡ። ከነሱ አንዱ ሮበርት ኡኮ ናቸው፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የመጡ፣ አስተማሪ የነበሩ ኬንያዊ። በ1958 አዲስ አበባ ገብተው በ1962 ተመረቁ። ከዚያ ካምፓላ ወዳለው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሩ። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1990 እስከተገደሉበት ቀን ድረስም እዚያው ሥልጣን ላይ ነበሩ። የጎረቤት አገር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስድስት ኪሎን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነበር። ይህን በየትኛው ኤምባሲ በጀት ትገዙታላችሁ?

አንድ ወሬ ልጨምርበት። እነዚያ ልጆች ዝም ብለው አልተማሩም። ከየአገራቸው የነፃነት ትግል ይዘውት የመጡት ወሬ፣ ክርክርና የማኅበር አደረጃጀት የኛን ተማሪዎች አነቃ። የተማሪውን ንቅናቄ ታሪክ ከጻፉ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ያነሳሉ። ጃንሆይ ስኮላርሺፕ የሰጡት ለአፍሪካ ወንድማማችነት ብለው ነው፤ ያበሉት ግን ኋላ ዙፋናቸውን የነቀነቀውን እሳት ካቀጣጠሉት ውስጥ ጥቂቱን ነው። መንግሥት ይህን ሰምቶ ልውውጥ እንዳይፈራ እንጂ! ቀልዱን ትተን፣ አንድ ሴሚስተር የሌላ አገር ልጅ አጠገብህ ሲቀመጥ ምን ያህል እንደሚለውጥህ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ከኛ ደቡብ ያሉት ደግሞ ሌላ ነገር ሞከሩ። በ1963 ማኬሬሬን፣ ናይሮቢንና ዳሬሰላምን አዋህደው የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚባል አንድ ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ። ሕክምና መማር የፈለገ ካምፓላ ይሄዳል። ኢንጂነሪንግ ናይሮቢ ነው። ሕግ ዳሬሰላም። ኬንያዊው የሕግ ተማሪ ከታንዛኒያዊው ጋር አንድ ዶርም ያድራል። ጥሩ ነበር፣ ግን ሰባት ዓመት ነው የቆየው። በ1970 ሦስት ቦታ ተከፈለ። እያንዳንዱ መንግሥት የራሴ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ የራሴ ኢንጂነሪንግ ይኑረኝ አለ። በጋራ በጀት ሰበብ የሚነሳው ጭቅጭቅም ቀላል አልነበረም። ይህ ለኔ ትልቅ ትምህርት ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ካዝና ስትሉ፣ መጨረሻው ማን ነው ካዝናውን የሚይዘው ወደሚል ጠብ ይሄዳል።

ፍሬው ግን ቀርቷል። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት የኬንያው ምዋይ ኪባኪና የታንዛኒያው ቤንጃሚን ምካፓ ሁለቱም ማኬሬሬ ነው የተማሩት፤ ያኔ ዩኒቨርሲቲው ገና ሳይዋሃድ። በ2008 መጀመሪያ ኬንያ በምርጫ ውዝግብ ደም ስትፋሰስ ከኮፊ አናንና ከግራሳ ማሼል ጋር ለሽምግልና የገቡት ምካፓ ነበሩ። ማኬሬሬ አስታረቃቸው እያልኩ አይደለም። አናን ብዙ ሠርተዋል። ሽማግሌው ግን ለባለጉዳዩ ለኪባኪ ባዳ አልነበረም።

እነሱ ከተከፈሉ በኋላም ነገሩን አልተዉትም። ከ1980 ጀምሮ ካምፓላ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት አላቸው። በ2017 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች የጋራ የከፍተኛ ትምህርት አካባቢ መሥርተናል ብለው አውጀዋል። እኛ አባል አይደለንም። ግን ያወጡትን የጋራ የብቃት ማዕቀፍ አንብቦ መጠቀም የሚከለክለን የለም።

ዛሬ በኛ በኩል ያለውን ልውውጥ የሚከፍለው ማን ነው? በአብዛኛው ባዕድ። የአውሮፓ ኅብረት በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መሐል ተማሪና መምህር የሚያመላልስ ፕሮግራም አለው። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት አንድ አፍሪካዊ ጎረቤት አገር ሄዶ ማስተርስ እንዲማር ይከፍላል። በነዚህ የተማሩ ጎበዝ ባልደረቦች እዚህ አዳራሽ ውስጥም አሉ፣ ስለዚህ ምስጋና ቢስ አልሆንም። ግን ነገሩን ራቅ ብላችሁ እዩት። ከጅማ ወደ ካምፓላ ለመሄድ ማመልከቻው ብራሰልስ ይደርሳል። ርዕሱን የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አውቶቡሱ ይቆማል። አስተባባሪው የቢሮውን ቁልፍ ያስረክባል፣ የፕሮጀክቱ ፕሪንተር ለሁለት ወር ያገለግልና ቀለም ሲያልቅ የሚሞላው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ወፍ የለም።

ልውውጡ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ካለ አንድ ምሳሌ ልስጥ፣ ትንሽ ታገሡኝ።

በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ታውቁታላችሁ። ማታ ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር ይተኛል። መሬቱ መረሬ ነው፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውስጥ የአሸዋ ዝንብ ትኖራለች። ትነክሰዋለች። እሱ ደመወዙን ይዞ አገሩ ይመለሳል። ከወራት በኋላ ትኩሳት ይጀምረዋል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱ ይነፋል። ካላዛር ነው፤ ካልታከመ ይገድላል። ደጋ ያለ ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ ይለዋል።

መተማንና የሱዳኗን ገላባት የሚለያቸው ድልድይ ብቻ ነው። ወደ ገዳሪፍ ዝቅ ብትሉ ያው መረሬ፣ ያው ግራር፣ ያቺው ዝንብ። ገዳሪፍም ዩኒቨርሲቲ አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ካላዛር የሚታከምበትና የሚጠናበት ማዕከል አለው። በ2003 የኢትዮጵያ፣ የሱዳን፣ የኬንያና የኡጋንዳ ተመራማሪዎች ካርቱም ላይ ተሰብስበው በካላዛር ላይ አብረው የሚሠሩበት መድረክ አቋቋሙ። በየአገሩ ባሉ ማዕከላት አንድ ዓይነት ሙከራ አካሄዱ። ለ30 ቀን ይሰጥ የነበረው መርፌ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲጣመር 17 ቀን እንደሚበቃ አሳዩ። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ጥምር ሕክምናውን ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። 13 የመርፌ ቀን ቀረ። ያን መርፌ ያየ ሰው 13 ቀን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ያማል። ለቀን ሠራተኛ ደግሞ 13 ቀን የ13 ቀን ደመወዝ ነው።

አንድ አገር ብቻውን ያን ያህል ሕመምተኛ በጊዜ አያሰባስብም ነበር። እዚያም ላይ ግን ገንዘቡ ከውጭ ነው የመጣው። ዶክተሮቹ ተዋወቁ፤ የሕክምና ተማሪዎቻቸው አልተዋወቁም። የጎንደር ልጅ አንድ ወር ገዳሪፍ ሆስፒታል፣ የገዳሪፍ ልጅ አንድ ወር ጎንደር ሆስፒታል ቢሠራ ስንት ዓመት በፊት ሊለመድ ይችል ነበር? ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ሱዳን በጦርነት ናት። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ራሱ የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር። አሁን ከምንም በላይ ልጆቻቸውን የምናስቀምጥበት ወንበር ቢኖረን ደስ ይለኝ ነበር። ሲፐስ ዓይነት ሥርዓት ቢኖረን ኖሮ «በዚህ ዓመት ወራችንን በሙሉ ለሱዳን» ማለት በአንድ ስብሰባ የሚያልቅ ነገር ነበር።

እሺ፣ ብር። ሒሳብ እንሥራ።

ለዓመታት 22 ብር የነበረው የአንድ ተማሪ የዕለት የምግብ በጀት ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በወር 3,000 ብር ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ሴሚስተር 20 የጎረቤት አገር ተማሪ ቢቀበል፣ እያንዳንዱ አምስት ወር ቢቆይ፣ 100 ወር ይሆናል። ሲፐስ ከአንድ አገር የሚጠይቀው ትንሹ ቃል ኪዳን ማለት ነው። ምግቡ 300,000 ብር። በወር 5,000 ብር የኪስ ገንዘብ ብንሰጣቸው ሌላ 500,000። ዶርሙ አለ። መምህሩ አለ። ወንበሩ አለ፣ አንድ ክፍል ላይ ሁለት ተማሪ መጨመር ሌላ መምህር አያስቀጥርም። ስምንት መቶ ሺህ ብር፣ ዶላር የሌለበት፣ ባንክ ወረፋ የሌለበት። ለባነርና ለእራት ግብዣ የምናወጣውን የሚያውቅ ይፍረድ።

አዎ፣ ናይሮቢ ለምዶ የመጣ ልጅ የካፌያችንን ሽሮ ሲያይ ምን እንደሚል እኔም አላውቅም። የኛም ልጅ እዚያ ሄዶ ኡጋሊ ሲቀርብለት ያው ነው። አምስት ወር ነው፣ ይለምዱታል።

ንግግሬ እዚህ ላይ አበቃ። ከዚያ የተጠየቁ ጥያቄዎች ስለነበሩ ጠቃሚ የመሰሉኝን እጨምራለሁ።

አንድ መምህር፣ «ከኛ የሚሄድ ይበዛል፣ ወደኛ የሚመጣ አይኖርም፤ ማን እዚህ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ሁሌም እሰማለሁ፣ ራሳችንን አሳንሰን ስለለመድን ይመስለኛል። መጀመሪያ፣ የሚሄድ ቢበዛ የሚከስረው ተቀባዩ ነው፣ እኛ አይደለንም፤ ተቀባዩም ቃል ከገባው ወር አያልፍም። ሁለተኛ፣ የሚመጣበት ምክንያት ሞልቷል። የመስኖና የውሃ ምሕንድስና ለመማር አርባ ምንጭ አለ፣ ከ1986 ጀምሮ ውሃ ላይ የሚያስተምር። ብራና ለሚያጠና፣ ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወዴት ይሄዳል? ለጂኦሎጂ ተማሪ አፋርን የሚያህል ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መጽሐፍ የለም፣ መሬቱ ዓይኑ እያየ ነው የሚሰነጠቀው። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደጃፉ ላይ ነው፤ ጅቡቲም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። ከኬንያና ከኡጋንዳ ተማሪ ጋር ደግሞ የምናስተምርበት ቋንቋ አንድ ነው፤ ክራኮቭና ሉብሊያና ይህ ዕድል አልነበራቸውም።

ከሬጅስትራር የመጣች አንዲት ባልደረባ፣ «ግሬዱን እንዴት እንቆጥርለታለን? እኔ ላይ ነው የሚመጣው» አለች። እውነቷን ነው፣ ሁሉም ነገር መጨረሻው እሷ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። በ2014 እዚሁ አዲስ አበባ የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ማስረጃ እርስ በርስ የሚያውቁበት ስምምነት ወጥቷል፣ በ2019 ሥራ ላይ ውሏል። ግን በአህጉር ደረጃ ያለ ስምምነት የአንድን ኮርስ ቁጥር አይሞላላትም። የሚሞላላት ሁለት የትምህርት ክፍሎች ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚፈራረሙት አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ «እናንተ ጋ ይህን ሲወስድ እኛ ጋ ይህ ይያዝለታል» የሚል። ያ ገጽ ሳይፈረም ማንም ተማሪ ሻንጣ እንዳያዘጋጅ። ቀኑንም አብራችሁ ጻፉበት፤ የትምህርት ዘመናችን ከጎረቤቶቻችን ጋር አይገጥምም፣ እንኳን ከነሱ ጋር እርስ በርሳችንም አልገጥም ብሎናል።

«ተማሪው ሄዶ ቢቀርስ?» የሚልም ነበር። አንድ ሴሚስተር ነው የሚሄደው፣ ዲግሪው እዚህ ነው ያለው። መኮብለል የፈለገ ሰው የልውውጥ ፕሮግራም አይጠብቅም።

የመጨረሻው ጥያቄ ከወደ ኋላ ነው የመጣው፤ «ከየት እንጀምር?» ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች እስኪስማሙ አትጠብቁ ነው ያልኩት። የሚቀጥለው በጀት ዓመት በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ የበጀት ጥያቄ ከዚያ በፊት ወራት ቀድሞ ይሄዳል። አንድ ትምህርት ክፍል፣ አንድ የጎረቤት አገር ትምህርት ክፍል ይምረጥ። በኢሜይል ይጻጻፉ። ሁለቱም በየራሳቸው ገንዘብ አሥር የተማሪ ወርና ሁለት የመምህር ሳምንት ቃል ይግቡ። ፋይናንስ ጋ ስትሄዱ የበጀት ርዕሱን «የውጭ ጉዞ» አትበሉት፣ ወዲያው ይቆረጣል። «የእንግዳ ተማሪ ምግብና መኝታ» በሉት፣ በብር ጻፉት፣ ከተማሪዎች አገልግሎት በጀት ጋር አያይዙት። አሥር ወር ምግብ 30,000 ብር ነው። ይህን ለመከልከል የሚደፍር ፋይናንስ ካለ እኔን ጥሩኝ፣ አብሬአችሁ እገባለሁ።